ሬሳውን ማን አዞረው?

ሕጉ ዳኛ ሳይደርስ ሬሳ አይነሳም ስለሚል፣ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት አጥኚው ብሩገራ በቤሳሊር ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ከተገኘበት ንጋት ጀምሮ እንደተጋደመ ቆየ። ዳኛ ሮቪሮዛ የደረሱት ቀትር ላይ ነው። ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ዳገቱን ሲወጡ በቅሎዋንም፣ መንገዱንም፣ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ተራራ አናት ላይ ቤተ ክርስቲያን ልሥራ ብሎ የተነሳውንም ሰው እየተራገሙ ነበር የመጡት። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። መውለጃዋ የተቃረበ አንዲት ሴት ደጃፉ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ የመንደሩ ሰው ከእሷ ፈንጠር ብሎ ተኮልኩሏል።

«ባሌ አልገደለውም» አለቻቸው፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ባልሽ ማነው?»

«ቦኒፋሲ፣ ግንበኛው። ውስጥ አስረውታል። አባቱንም በዚሁ በር ነው አስረው የወሰዱት፣ እስር ቤት ሞቶ ቀረ። ይሄኛውን ከወሰዱት ደግሞ በብረት አንቀው ነው የሚገድሉት፣ ጌታዬ። እኔን ማንም አያታልለኝም።»

ስሟ ረሜይ ነው። አላለቀሰችም። ዳኛው የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ ልባቸው አይነካም፤ የማያለቅስ ሰው ግን ያስጨንቃቸዋል። ጎንበስ ብለው እጅ ነሷትና ገቡ።

አስር አለቃ ላፉዌንቴ ተረከዙን አጋጭቶ ተቀበላቸው። ጉዳዩን በራሱ ቤት ጨርሶታል።

«ያለቀለት ነገር ነው፣ ጌታዬ። ትናንት ምሳ ላይ በመሸታ ቤቱ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቦኒፋሲ ሟቹን ‹ጣሪያው በአናትህ ላይ ይውረድብህ!› ብሎታል። ዛሬ ጠዋት ወርዶበት ተገኘ። ሳይመሽ ይዤው ልውረድ።»

«ጣሪያ በቃሉ የሚታዘዝለት ግንበኛ ካገኘንማ እስር ቤት ምን ያደርግለታል? ጦር ሚኒስቴር ይቅጠረው እንጂ» አሉ ዳኛው።

ቤተ ክርስቲያኑ ጠባብና ረጅም ነው። ግድግዳው ከውፍረቱ የተነሳ መስኮቶቹ ስንጥቅ ይመስላሉ፤ የቀትር ብርሃን እንኳ በቀጭኑ ነው የሚገባው። ከላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅስት ጣሪያ ተዘርግቷል፤ በስተ ምሥራቅ ግማሽ ክብ የሆነው መቅደስ አለ። እዚያ፣ ከመሠዊያው በላይ፣ ዓይኖቹ የፈጠጡ መድኃኔዓለም በዙፋኑ ላይ ተሥሏል። መሠዊያው ግን ፊቱ ባዶ ድንጋይ ነው። ቅዱስ ቂርቆስን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ጋን ውስጥ የሚያሳየው የጥንት ባለ ሥዕል የእንጨት ሰሌዳ ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌባ ተብሎ የተፈረደበትም የቦኒፋሲ አባት በርናት ነበር።

ብሩገራ ከግንበኛው መወጣጫ እንጨት ሥር በጀርባው ተጋድሟል። እግሮቹ ገጥመዋል። ራሱ ወደ መሠዊያው፣ እግሩ ወደ በሩ ነው። ከጆሮው አጠገብ ዳቦ የሚያህል ደም የነካው ድንጋይ አለ፤ ከበላዩ ደግሞ ጣሪያው እየፈረሰ የሚጠገንበት ቀዳዳ። ዳኛው እያቃሰቱ ተንበረከኩ። ደሙ ወለሉ ላይ ግማሽ ክብ ሠርቷል፤ የተጎተተ ደም ነው።

«ይሄ ሰው ሲወድቅ ራሱ ወደ በሩ ነበር» አሉ። «ከሞተ በኋላ ወይም ሊሞት ሲል አንድ ሰው ብብቱን ይዞ አዞረው። ወደ ውጭ አልወሰደው፣ አልደበቀው፤ ባለበት አዞረው። ለምን?»

«ሲፈራገጥ ይሆናላ።»

«የሚፈራገጥ ሰው እግሩን ገጥሞ ይሞታል?»

ዳኛው ከጣሪያው ከረገፈው ክምር አንድ ቁራጭ አነሱና «ያዝ!» ብለው ለአስር አለቃው ወረወሩለት። በአንድ እጁ ቀለበው። ቀጥለው ደም የነካውን ድንጋይ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ሲያነሱ አስር አለቃው ወደ ኋላ ዘለለ።

«ምነው? ያኛውን አልቀለብክም እንዴ?»

«ያኛውማ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ጌታዬ። አይከብድም!»

ዳኛው ፈገግ ብለው ድንጋዩን አስቀመጡት። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ወለሉን እያዩ ከበሩ እስከ መቅደሱ ተራመዱ። ወለሉ በመቃብር ድንጋዮች የተነጠፈ ነው። ከበሩ በኩል ማረሻና የበግ መሸለቻ መቀስ የተቀረጸባቸው የመንደሩ ሰዎች መቃብሮች ናቸው፤ ከመቅደሱ መግቢያ ቅስት ሥር ጽዋ የተቀረጸባቸው ጥቂት ድንጋዮች አሉ። የማረሻዎቹ እጀታ ወደ በሩ ነው፤ የጽዋዎቹ አፍ ወደ መሠዊያው። የቤተ ክርስቲያን ቀባሪ ልጅ የነበሩት ሮቪሮዛ እዚያ ላይ ጥቂት ቆሙ። ወዲያው አንዱን ፖሊስ ጠርተው በጆሮው አንሾካሾኩለትና በፈረስ ወደ ሸለቆው ስልክ ቤት ሰደዱት።

መጀመሪያ ያነጋገሩት ቦኒፋሲን ነው። ምሰሶ ሥር ተቀምጧል፤ እጆቹ በሰንሰለት ተጠፍረዋል። ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም።

«ለምን ረገምከው?»

«አናደደኛ! ድሮ ይህን ግድግዳ ሲሠሩ መወጣጫውን የሰኩባቸው ቀዳዳዎች አሉ አይደል? እርግብ ይገባባቸዋል፣ ልድፈናቸው አልኩ። ‹ግድግዳው እንዴት እንደተሠራ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፣ አፉን አትዝጋበት› ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩ። ከሰዓት ግን ታርቀናል። ሜትሩን ይዤለት ነበር።»

«ምን ስትለኩ?»

«የመሠዊያውን ፊት። ሰሌዳው የነበረበትን።» ቦኒፋሲ አንገቱን ደፋ። «እሱ ከመቅደሱ ቅስት አልፎ አይገባም፣ ሁልጊዜ እኔን ነበር የሚልከኝ። ‹አባቴ ሰረቀው የሚባለው ይሄ ነው› አልኩት። ምንም አልመለሰም። ዓይኑ እንባ ሞላ። ምን ሆንክ ስለው አቧራ ገባብኝ አለ። ሲመሽ ትቼው ወጣሁ። የሰበካው ሹም ማቲየስ ነው ሁልጊዜ መጥቶ የሚቆልፈው።»

«ስትለኩ ያያችሁ ሰው ነበር?»

«ማቲየስ መብራቱ ላይ ዘይት ሊጨምር ገብቶ ነበር። ሌላ ማንም።»

ቀጥሎ አባ ኢሲድሬ መጡ። ሌሊቱን በላይኛው መንደር አንዲት በሞት አፋፍ ላይ ያለች አሮጊት ቤት አድረው፣ ከአሮጊቷ ልጆች ጋር ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው የተመለሱት። ጫማቸው ገና ጭቃ ነው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ክቡር ዳኛ፣ ይህን ሰው በተቀደሰ መሬት አልቀብረውም» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን አልቆረበም። ቅዳሴ ላይ በሩ ጋ ቆሞ ይቀራል። መሠዊያው አጠገብ አይደርስም። እግዜርን የረሳ ሰው ነው።»

«የረሳ ሰው በሩ ጋስ ምን ሊሠራ ይመጣል፣ አባ?»

«እንጃ! ሕንፃውን ሊያይ ይሆናል።»

ሦስተኛው ፋብረጋት ነበር፤ ከባርሴሎና የመጣ የጥንት ዕቃ ነጋዴ። ጢሙን በሰም አሹሏል፤ ጭቃ የሚባል ነገር ዘመዶቹን የሰደቡበት ያህል ያስቀይመዋል። የመቅደሱን ሥዕል ከግድግዳው በሙጫና በጨርቅ ገሽልጦ ሊወስድ ሲስማማ፣ ብሩገራ ነው ጎረቤቱን ሁሉ አሳምኖ ያስከለከለው።

«ጠልተኸው ነበራ!» አሉ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ እኔ የማልወደውን ሁሉ ብገድል ይህ መንደር ባዶውን ይቀር ነበር። አንድ ገበታ ላይ አብረን እንበላ ነበር እኮ። ሰውየው ፍርፋሪ ለቃሚ ድመት ነው የሚመስለው! ዳቦ በልቶ ሲጨርስ ሁለት ጣቶቹን ገጥሞ ሳህኑ ላይ እሽት እሽት፣ እሽት እሽት ያደርጋቸዋል። ፍርፋሪ እንዳይወድቅ! ትንሽ ብትወድቅ እንኳ ለቅሞ ይጎርሳታል። እንዲህ ያለ ስስታም አይቼ አላውቅም።»

ዳኛው ቀና አሉ። «የትኞቹን ጣቶች?»

«አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን። ምን ለውጥ አለው? እዚህ አገር ደግሞ የሚከበረው እንዲህ ያለው ነው! እሱ የመጣ ዕለት የሰበካው ሹም ማቲየስ መሸታ ቤት ገባ። ብሩገራን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ሊስም ምንም አልቀረው! መሃል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ጨበጠው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ለእኔ አንገቱን እንኳ አልነቀነቀም።»

«አይዞህ» አሉ ዳኛው። «አንተ ደህና ነህ። እንዲያውም ዛሬ ከማንም በላይ ጠቅመኸኛል፤ ብዙ አትኩራበት።»

የመጨረሻው ማቲየስ ራሱ ነበር። የመንደሩ ትልቁ ቤት የእሱ ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ የሸበተ ፀጉር፣ የዝግታ አነጋገር ያለው ሰው። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ሃያ ዓመት ጠብቋል። ለቦኒፋሲ የጣሪያውን ሥራ ያሰጠውም እሱ ነው።

«የልጁ ነገር ያሳዝነኛል» አለ። «አባቱንም አውቀዋለሁ። በዘር የሚወርድ ነው መሰለኝ።»

«ማታ ሲቆልፉ ምን አዩ?»

«ምንም። ጨልሟል። ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ሄዷል ብዬ ቆለፍኩ።»

«ብሩገራን ከዚህ በፊት ያውቁት ነበር?»

«እኔ? ከየት አውቄው! የከተማ ሰው።»

«እርስዎ ግን ከተማ ይወርዳሉ አይደል?»

«በዓመት አንዴ። ለእመቤታችን ክብረ በዓል፣ ቆላ ወዳለው ገዳም። እዚያማ አገር ሁሉ ነው የሚሄደው።»

«እርግጥ ነው» አሉ ዳኛው፤ ሌላ አልጠየቁም።

ፖሊሱ ከስልክ ቤት ሲመለስ ፀሐይ ወደ ሸንተረሩ አዘንብላ ነበር። አስር አለቃው እስረኛውን ለማስነሳት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አውጥቶ አየ። ዳኛው ግን ሁሉም ወደ ውስጥ እንዲገባ አዘዙ፤ ካህኑ፣ ነጋዴው፣ ማቲየስ፣ በሰንሰለት ያለው ግንበኛ። ረሜይ ሳትጠራ ገባች፤ አስር አለቃው ሊከለክላት ሲል ዳኛው አዩትና ተወ። ሬሳው በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ በመካከላቸው ነበር። ሁሉም ላለማየት እየጣሩ ያዩታል።

ዳኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሻሹ ጀመሩ።

«መጀመሪያ ድንጋዩ። የጥንቶቹ ግንበኞች ጣሪያውን የሠሩት ክብደት እንዳይኖረው ብለው ባለ ቀዳዳ ቀላል ድንጋይ መርጠው ነው፤ አስር አለቃው በአንድ እጁ ቀልቦታል። ይህ ደም የነካው ግን ግራናይት ነው። ከጣሪያ አልወደቀም፤ ከበሩ አጠገብ ካለው ክምር የመጣ ነው። ሰው ነው የመታው፣ ሰው ነው ጣሪያው ወደቀበት ለማስባል አጠገቡ የተወው። አሁን ልጠይቃችሁ። ቦኒፋሲ ሁለት ወር ሙሉ ያንን ጣሪያ ድንጋይ በድንጋይ ሲያወርድ የቆየ ሰው ነው። ጣሪያ ወደቀበት ሊያስብል ቢፈልግ፣ ከጣሪያው ያልሆነ ድንጋይ ይመርጣል?»

አስር አለቃው ጣልቃ ገባ።

«ልብ አይባልም እኮ፣ ጌታዬ፣ በንዴት…»

«የመታው በንዴት ነው እንበል። ያዞረው ግን በንዴት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የበላኝ ይሄ ነው። ገዳይ ሬሳ ይደብቃል፣ ወይ ጥሎ ይሸሻል። ይሄኛው ለመሸሽ እየቸኮለ፣ አደጋ ነው ሊያስብል እየፈለገ፣ ሰውየውን ግማሽ ዙር አዙሮ፣ እግሩን ገጥሞ፣ ራሱን ወደ መሠዊያው አደረገው። አባ፣ ምእመን ሲሞት ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?»

«እግሩ ወደ መሠዊያው» አሉ አባ ኢሲድሬ። «ፊቱ ወደ ጌታ እንዲሆን። ሁልጊዜም…» ወደ አንሶላው ዞረው አዩ።

«ካህንስ?»

«ካህን… ራሱ ወደ መሠዊያው ነው። ሞቶም ወደ ሕዝቡ ያያል።» ወደ ሬሳው ጠጋ አሉ። «እኔ ጠዋት ሳየው ነገሩ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልመጣልኝም።»

«ለእኔም የመጣልኝ በእነዚህ መቃብሮች ላይ የካህናቱ ጽዋ ከሌላው በተቃራኒ መዞሩን ሳይ ነው። ከዚያ ፋብረጋት ስለ ፍርፋሪው ነገረኝ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥሞ፣ ሳህን ላይ አሽቶ። ፋብረጋት ስስት ያለው ነገር፣ ሥጋ ወደሙን የዳሰሱ የካህን ጣቶች ቅንጣት እንዳይወድቅ ለዓመታት የለመዱት ነው። መቃብሮቹን እንዳየሁም ሰው ልኬ ወደ ጳጳሱ ቢሮ ስልክ አስደውዬ ነበር። ብሩገራ ክህነቱን ትቶ ከወጣ ስምንት ዓመቱ ነው። ለምን እንደወጣ የእሱና የእግዜር ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቆላ ባለው የእመቤታችን ገዳም የንስሐ አባት ነበር። የሚመጣውን ተሳላሚ ሁሉ የሚያናዝዘው እሱ ነው።»

ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስለዚህ ያዞረው ሰው ካህንነቱን ያውቅ ነበር። አባ ኢሲድሬ አያውቁም ነበር፤ ማታም እዚህ አልነበሩም። ፋብረጋት ቢያውቅ ኖሮ የእጅ መሳሙን ነገር እንደ ቀልድ አያወራልኝም። ቦኒፋሲ ‹ለምን መቅደስ አይገባም› ብሎ እስከ ዛሬ ግራ እንደተጋባ ነው። አንድ ሰው ግን ብሩገራ የመጣ ዕለት፣ ኮት ለብሶ፣ ቆብ ሳይኖረው፣ ገና ሲያየው ጎንበስ ብሎ እጁን ሊስም ነበር። ሰውነቱ ከአፉ ቀድሞ አወቀው። ከየት አውቄው ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ማቲየስ።»

ማቲየስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጨዋነት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ጨዋነትማ ለፋብረጋትም በደረሰው ነበር። ሰው የክህነት ልብሱን ያወለቀ ካህን ለምን ይፈራል? በጆሮው ያፈሰሰለት ነገር ካለ ነው። ከዚህ መንደር ደግሞ የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው።» ዳኛው በዱላቸው ባዶውን የመሠዊያ ፊት አመለከቱ። «ትናንት ከሰዓት ዘይት ሊጨምሩ ገቡ። ምን አዩ? ምስጢርዎን የሚያውቀው ሰው ያን ቦታ ሲያስለካ፤ ሜትሩን የያዘው ደግሞ የበርናት ልጅ። ነገረው ብለው አሰቡ።»

ማቲየስ ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ረሜይ አለች። ወደ ቦኒፋሲ አየ፤ ቶሎ ዓይኑን መለሰ። ትልቅ ሰው ነበር፣ ግን አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ እንደ ደከመ ሽማግሌ ነው የተቀመጠው።

«አንድ ነገር አልገባኝ ብሏል» አሉ ዳኛው፤ አሁን አንተ ማለት ጀምረዋል። «እንደ ካህን ካስተኛኸው፣ ካህን ነው ብለህ ታምናለህ። ካህን ደግሞ የንስሐ ቃል እንደማያወጣ ታውቃለህ። ታዲያ ለምን ገደልከው?»

«ጠየቅኩታ!» ድምፁ ቅስቱ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ማታ ልቆልፍ ስመጣ ጠየቅኩት። ለልጁ ነገርከው? አልኩት። ‹ምኑን?› አለኝ። የነገርኩህን ነዋ! ስለው ‹ምንም የነገርከኝ ነገር የለም፤ አላውቅህም› አለኝ። ዓይኔን እያየ! ያሾፈብኝ መሰለኝ። ሊሄድ ዞረ፤ ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር።»

አባ ኢሲድሬ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«እንደዚያ ነው የምንለው» አሉ። «እንደዚያ እንድንል ነው የታዘዝነው። ለተናዛዡ ለራሱ እንኳ። አላሾፈብህም፣ ልጄ። ቃሉን እየጠበቀልህ ነበር።»

«ገብቶኛል» አለ ማቲየስ። «ከወደቀ በኋላ ገባኝ። እጁን አነሳ፤ ሊይዘኝ መስሎኝ ሸሸሁ። ለካ እያማተበብኝ ነው። ‹ይፍታህ› ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ማንም ሰው ጥዬው መሄድ አቃተኝ።»

ከዚያ ዳኛው ምልክት ሰጡ፤ አስር አለቃው የቦኒፋሲን ሰንሰለት አውልቆ ወደ ማቲየስ ሄደ። አብሮት ቦኒፋሲም ሄደ። አስር አለቃው እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ።

ቦኒፋሲ ግን አልነካውም። የታሰረበትን እያሸ ፊቱ ቆመ።

«አባቴን ሌባ ያልከው ውጭ በረንዳው ላይ ነው» አለው። «ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ። እኔም ነበርኩ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብላ ሄዳ አታውቅም። እኔ አንተን አልመታም። እዚያው ቁምና ተናገር።»

«ለዚህ የሚሆን ሕግ የለም» አለ አስር አለቃው። «መንገዱም ይመሻል…»

«እኔ ጉልበቴን አሞኛል» አሉ ዳኛ ሮቪሮዛ። «እዚህ ትንሽ ማረፍ አለብኝ። አንተ ቸኩለሃል እንዴ?»

አልቸኮለም።

ማቲየስ በሁለት ፖሊሶች መሃል ወደ በረንዳው ወጣ። የመንደሩ ሰው ከጠዋት ጀምሮ አልተበተነም፤ ሰንሰለቱ ማን እጅ ላይ እንዳለ ሲያይ ጉርምርምታው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ቦኒፋሲና ረሜይ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ማቲየስ አንገቱን ደፍቶ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ።

«ሰሌዳውን የሸጥኩት እኔ ነኝ። በርናት አልሰረቀም።»

ከፊት ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። ከኋላ በኩል «ምን አለ? ምን አለ?» የሚል ተሰማ። ፖሊሶቹ ማቲየስን ወደ በቅሎዎቹ ሊመሩት ሲሉ ረሜይ አንድ ደረጃ ወረደችና መንገዱን ዘጋችው።

«ድገመው» አለችው። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ማቲየስ ቀና አለና ደገመው።